ቁጥር ሦስት ከረጢት

በቢቸናና በዙሪያዋ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ አገልግሎቴ በሬ ተሰርቋል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰርቋል፣ አንድ ጊዜም የሠርግ ድንኳን ከነካስማው ተሰርቆ አፈላልጌ አግኝቻለሁ። አምስት ኪሎ በቆሎ ጠፋ ተብዬ ግን ተጠርቼ አላውቅም ነበር። ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኬ ሲጮኽ ገና ሻዬን አልጨረስኩም። ሻዬን ሳልጨርስ የጠራኝ ሰው ደግሞ መልካም ቃል አይሰማም፤ ባለቤቴ ትመስክር።

«ኢንስፔክተር ያየህ፣ ተዘርፈናል!» ትህትና ናት፤ ከከተማው ዳር ባለው የእርሻ ምርምር ንዑስ ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ተመራማሪ።

«ምን ተወሰደ?»

«ቁጥር ሦስት ከረጢት። አምስት ኪሎ በቆሎ።»

«እመቤቴ፣ እኔ ከቤቴ አሥር ኪሎ ላምጣልሽና ነገሩን እንተወው?»

ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ ደግሞ ሲለቀስ አልችልም። ቆቤን አንስቼ ወጣሁ።

የጣቢያው መጋዘን አንዲት ጠባብ የብሎኬት ክፍል ናት። መደርደሪያው ላይ ስድስት የአቡጀዲ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም። በየከረጢቱ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር፣ የገበሬ ስምና ርቀት ተጽፏል። የጠፋው «ቁጥር ሦስት፣ የሰማው ማሳ፣ ሠላሳ ሜትር» የሚል ነበር አለችኝ።

«እስኪ ለገበሬ ልጅ እንደምታስረጂ አስረጂኝ» አልኳት።

«መሃል ላይ ሐምራዊ በቆሎ ዘራን። ገበሬዎቹ ዙሪያውን ነጭ ዘሩ። የሐምራዊው የአበባ ብናኝ በነፋስ ሄዶ ነጩን ካገኘው፣ በነጩ መሃል ሐምራዊ ፍሬ ይወጣል። ከየማሳው አምስት አምስት ኪሎ ፈልፍለን ወሰድን። ሐምራዊውን ስንቆጥር ዘር በነፋስ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚደባለቅ እናውቃለን።»

«ቢደባለቅስ?»

«ሐምራዊው ምንም የለበትም፤ የድሮ በቆሎ ነው። ቀለሙ ምስክር እንዲሆነን ነው የዘራነው። ነገ ግን በላቦራቶሪ ዘረ መሉ የተለወጠ በቆሎ ይግባ ቢባል፣ ከገበሬው ዘር ስንት ሜትር ይራቅ? መንግሥት በጀት መድቦ የላከኝ ይህን እንድመልስ ነው። ረቡዕ ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ ቆጠራው እነሱ ባሉበት ነው የሚጀመረው። ቁጥር ሦስት ከሌለ ግን የሦስት ዓመት ልፋቴ መሃሉ የተቦደሰ ነው። አይቀበሉኝም።»

አባቴን አስታወሰችኝ። ክፉ ቀን ሲመጣ ጾማችንን እናድራለን እንጂ የዘር ቅሉን አያስነካም ነበር። ከዚያ በኋላ በነገሩ አልቀለድኩም።

የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ዓርብ ዕለት፣ ሁሉም ከረጢት በቦታው እያለ፣ ከትህትና ጋር ወጥቶ ባሕር ዳር ደርሶ ትናንት ማታ ተመልሷል፤ የአውቶቡስ ትኬቷን አይቻለሁ። ሁለተኛው የሌሊት ጠባቂው የአያ ሰማው ነው። አያ ሰማው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። ማሳቸው ከጣቢያው አጥር ጋር ይገናኛል፣ የጠፋው ከረጢትም የራሳቸው በቆሎ ነው። አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አያ ሰማው፣ ቁልፉ ከእጅዎ ወጥቶ ያውቃል?»

«ከወገቤ አይወርድም።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ የታኅሣሥ ገብርኤል አይደል? ጠዋት ሄጄ ከደብሩ ዋልኩ። ጣቢያው ዝግ ነበር። ማታ ሥራዬ ላይ ገባሁ።»

«ነጭ ለብሰው፣ ቁልፍ ታጥቀው ነው ታቦት ያነገሡት?»

እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄዶ ተመለሰ። «ታጥቄ ነው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። ውሸት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ማየት ያሳዝናል።

«እትዬ ሀብትነሽስ የት ናቸው?»

«ሞጣ ናት። ልጃችን ዘሪቱ ወልዳ፣ አራስ ልትጠይቅ ትናንት በመጀመሪያው መኪና ሄደች።»

ቤታቸውን ፈተሽኩ። ስፈትሽ አፈርኩ፤ ባለቤቴ ታማ በተኛች ጊዜ እትዬ ሀብትነሽ ሳምንት ሙሉ ምሳ ያመላለሱልን ከዚያ ቤት ነው። ወለሉ ተጠርጎ ያበራል። ጎታው ውስጥ በቆሎ አለ፣ ነጩ መሃል ሐምራዊው ጣል ጣል ያለበት፤ በጣቢያው ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ የዘንድሮ እህሉ እንዲያ ነው። ከአልጋው ሥር በነጠላ የተሸፈነ ሞሰብ ነበር። አልከፈትኩትም። ሴቲቱ በሌለችበት የከደነችውን ሞሰብ የሚገልጥ ወንድ እናቱ አላሳደገችውም። ከመደቡ ሥር ግን አንዲት ሐምራዊ ፍሬ ወድቃ አገኘሁ፤ ምንም ባታስረዳም በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት። ባዶ እጄን ከምወጣ ብዬ ነው።

ቀጥሎ ወደ ታደለ ሄድኩ። ታደለ ቤቱ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ነው፤ በዚህ ምርምር የተናደደ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ በቆሎውን አይተው «ዲቃላ ይዘህ መጣህ!» ብለው ስቀውበታል።

«ቅዳሜ ከረጢቱን ወስደህ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ» አልኩት።

«እኔ? ቅዳሜ ዝክር ነበረብኝ! ሠላሳ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ደጄ ላይ ተቀምጧል። ቄሶቹን ጠይቅ!»

«ጥሩ። ታዲያ ሠላሳችሁም ያንን በር እያያችሁ ስትውሉ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«አስበህ መልስ።»

«ባዳ ሰው አልገባም አልኩህ እኮ! ምን ልሁንልህ?»

ቄሶቹንም ጠየቅኩ። ባዳ አልገባም አሉ። እኔ ሞኙ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ኮማንደር ኃይለ ሚካኤል ጠሩኝ። «ረቡዕ እንግዳ ይመጣል፤ መጋዘኑ አልተሰበረም፤ እዚህ የቀረው ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ። ስለዚህ አያ ሰማውን ወደ ቢሮዬ አስመጣኋቸው።

«ቅዳሜ ቁልፉ ከቤትዎ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ያየ ሰው አለ» አልኳቸው። ማንም አላየም፤ ከራሴ አመጣሁት።

ቀና ብለው፣ «እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሸጥኩት» አሉ።

«ለማን?»

«ለሞጣ ነጋዴ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ደብር ውለው፣ ሞጣ ደርሰው ተመልሰው፣ ማታ ሥራዎ ላይ ገቡ? በዚህ ጉልበትዎ?»

«መኪናው ፈጣን ነበር።»

«አያ ሰማው! ይህን ቃል ከፈረሙ ጡረታው ይቀራል። ስምንት ወር ነው የቀረዎት።»

«አውቃለሁ፤ ጻፈው» አሉ። ጢማቸው ላይ እንባ ሲወርድ አየሁ።

የሚሸፍኑት ሰው እንዳለ ገብቶኛል። ማንን እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ ያመነን ሰው ደግሞ መልቀቅ አልችልም። ጋቢዬን አልብሻቸው ማረፊያ ክፍል አስገባኋቸው። ያን ዕለት እራቴ አልወረደልኝም።

ማክሰኞ ማለዳ ትህትና ደወለች። «ከረጢቱ ተመለሰ!»

ስደርስ የአያ ሰማው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ልክ አምስት ኪሎ። ትህትና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ነጭ ነው። በእጇ ዳሰሰችው፣ በተነችው፣ መልሳ ሰበሰበችው።

«አንድም ሐምራዊ የለም» አለች። «ሠላሳ ሜትር ላይ ዜሮ? በፍጹም! ለቅመው አውጥተውታል። ይኸውልዎት፣ አንዳንዱ ፍሬ ተለቅ ይላል፤ የዚህ አካባቢ በቆሎ አይደለም። ክብደቱ እንዳይጎድል ጨምረውበታል።»

«ይህ ማንን ይጠቅማል?»

«ዘር በነፋስ አይሄድም እንዲባል የሚፈልግን ሰው። ለምሳሌ ዘር ሻጭን።» ትንሽ አመነታች። «እንዲህ ያለ ተለቅ ያለ ነጭ በቆሎ የገዛሁት ሞጣ ነው፤ ከአብዱሰመድ ሱቅ። ለገበሬዎቹ ሁሉ ያከፋፈልነው ዘር ከእሱ ነው የመጣው።»

የሞጣ ነጋዴ! አያ ሰማውም ያሉት ሞጣ ነበር። ልወጣ ስል ባዶውን ከረጢት አነሳሁት። ሳሙና ሳሙና ይላል። ታጥቧል፤ በደንብ ታሽቶ ታጥቧል፤ ጽሕፈቱ እንኳ ደብዝዟል። መንገዱን ሁሉ፣ በደብረ ወርቅም ሳልፍ፣ በጉንደ ወይንም ሳልፍ፣ ያ ከረጢት ነው ሐሳቤን የያዘው። የሰረቀውን አጥቦ የሚመልስ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

የጋሽ አብዱሰመድ ሱቅ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ነው። ገና ስገባ ከባንኮኒው ላይ አንድ የማር ብልቃጥ አየሁ፤ በሐምራዊ በቆሎ ግማሽ ሞልቷል።

«ጋሽ አብዱሰመድ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«አሰላሙ አለይኩም ማለትም ቀርቷል?» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «ኢናስ፣ ልጄ፣ ለፖሊሱ ሻይ አምጪለት፤ ጾመኛ ነው፣ ወተት እንዳታደርጊበት። ያ በቆሎ ልውጫ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ትናንት አንዲት እናት መጥታ፣ ‹ይህን ውሰድና በልኩ ነጭ ስጠኝ› አለችኝ። አንዲት ስኒ ናት! እንዲያው ውሰጂ፣ ሐምራዊውን ምን አደርገዋለሁ አልኳት። ‹በነጻማ አልወስድም፤ እህል በእህል› አለች። ከዚያ ተቀመጠች። አንዲት አንዲቷን እየመረጠች አንድ ሰዓት! የተሰነጠቀ አትወስድም፣ የነቀዘ አትወስድም። እኔ በሠላሳ ዓመት ንግዴ እንዲህ ያለ ደንበኛ አልገጠመኝም። ‹ለእንግዳ ነው› ትላለች።»

«ለእንግዳ?»

«‹ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል፤ የባሌን ስም ጽፈውበታል› አለች። ከዚህ ጀርባ ልጇ አራስ ናት፤ ዘሪቱ የምትባል። ደግ ሴት ናት። ምን አደረገች?»

ሻዩን ቆሜ ጠጣሁት። የተጠረገው ወለል፣ የታጠበው ከረጢት፣ የተከደነው ሞሰብ፣ «ባዳ አልገባም» ያለው ታደለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ነኝ ባይ! ጋሽ አብዱሰመድ ብልቃጡን ከነክዳኑ ሰጡኝ። «ከላዩ አልቆነጠርኩም፤ እንደሰጠችኝ ነው» ብለው ማሉልኝ።

ቢቸና ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከፖሊስ ጣቢያችን ግቢ በር ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ እትዬ ሀብትነሽ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው በጨርቅ የተቋጠረ ምግብ አለ።

«ከጠዋት ጀምሮ ናቸው» አለኝ የበሩ ፖሊስ። «የባላቸውን ምሳ አስገብተዋል። ለማን መናገር ይፈልጋሉ ብንላቸው፣ ‹ለያየህ ብቻ› ይላሉ። ይህ ቋጠሮ ደግሞ የእርስዎ ምሳ ነው።»

ለካስ ሞጣ ድረስ የተንከራተትኩበት መልስ ከደጄ ተቀምጦ ምሳዬን ይዞ ይጠብቀኛል!

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ምን አደረጉ?»

«ብላ መጀመሪያ። ከስተሃል።»

«እትዬ!»

«አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። በገብርኤል ቀን እህል ለቀምኩ። ሌላ የማውቀው ወንጀል የለኝም።»

«ከረጢቱን ከመንግሥት መጋዘን ወስደዋል እኮ!»

«ከማን ነው የወሰድኩት? የእኛው ማሳ በቆሎ አይደል? የባሌ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ባለፈው ልጠርግላቸው ገብቼ ሁሉንም አየሁ። የሩቆቹ ንጹሕ ነው፤ የእኛ ግን ዝንጉርጉር! ከአዲስ አበባ ሊቃውንት መጥተው ‹የሰማው ማሳ› ብለው አንብበው ያንን ይዩ? ‹ሚስት የለውም እንዴ?› አይሉም? ሳይለቀም እህል ለእንግዳ ይቀርባል?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጣቢያው ሰው የማይኖርበት ቅዳሜ ብቻ ነበር። እሱ ለደብር ሲሄድ ቁልፉን ሰቀለ፤ እኔም አነሳሁ። በታደለ ደጅ ሰላም ብዬ አለፍኩ፣ ተሸክሜም ስመለስ ሰላም ብዬ አለፍኩ። ቤቴን ዘግቼ ለቀምኩ፤ በበዓል ስሠራ ሰው እንዳያየኝ። የለቀምኩትን ሞሰብ ውስጥ ከደንኩት፤ ከረጢቱም አቧራ ነበረበት፣ አጠብኩት። ክብደቱ እንዳይጎድል ደግሞ ነጭ ያስፈልጋል፤ የጎረቤቱ ሁሉ ዝንጉርጉር ነው፣ ስለዚህ ከሞጣ አመጣሁ። ትናንት ማታ ስመለስ ሰማው የለም፤ ጥበቃ ላይ ነው ብዬ አደርኩ። ሲነጋ አግዳሚው ላይ ባጣው ጊዜ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል ብዬ ከረጢቱን ትቼለት ተመለስኩ። መታሰሩን የሰማሁት ከታደለ ነው።»

ታደለን በመንገድ ላይ ያዝኩት። «እትዬ ሀብትነሽ ሲገቡና ሲወጡ አይተህ ነበር?»

«አዎ፣ ሰላም ተባብለናል።»

«ታዲያ ማንም አልገባም ያልከኝ!»

«ሀብትነሽ ደግሞ ገባች ይባላል? እሷ እኮ የቤት ሰው ናት!»

ልመታው ምንም አልቀረኝም።

አያ ሰማውን ከማረፊያው አስወጣኋቸው። «ምሽትዎ እንደወሰዱት ያውቁ ነበር?»

«ቅዳሜ ማታ ቁልፉን ካልተለመደ ሚስማር ላይ አገኘሁት። ሌላ ማን ይነካዋል?»

«ለምን እንደወሰዱትስ?»

«እሱን አላውቅም። ሀብትነሽ ከወሰደችው ግን ምክንያት ይኖራታል ብዬ ነው።» ሚስታቸውን ከባሕር ዛፉ ሥር ሲያዩ ቆጣ አሉ። «በገብርኤል ቀን፣ አንቺ ሴት!» እትዬም መለሱ፤ «አንተስ በሐሰት ፈረምክ!» ተያይዘው እየተጨቃጨቁ ሄዱ። ጋቢዬን ይዘውብኝ ሄዱ።

ነገሩ ግን አላለቀም ነበር። ረቡዕ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ ሁላችንም የምርምር ጣቢያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰብን። ትህትና የማር ብልቃጡን አየችው እንጂ አልነካችውም። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ አልተቀየምኩዎትም» አለች። «ግን እነዚያ ሐምራዊዎቹ እድፍ አይደሉም። የምቆጥረው እነሱን ነበር። እርስዎ ያወጡት ምስክሮቼን ነው።»

እትዬ ሀብትነሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ በሞትኩት!»

«ብልቃጡ መገኘቱ ጥሩ ነው። ግን ቤት ወድቀው፣ መንገድ ላይ ተበትነው፣ ሱቅ ውስጥ ጎድለው ይሆናል። መጀመሪያ ስንት እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው የለም። ሙሉ መሆኑን ካላረጋገጥኩ መዝገብ ላይ ላሰፍረው አልችልም። ለእንግዶቹ ቁጥር ሦስት የለም ብዬ መናገር አለብኝ።» ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

«ስድስት መቶ አሥራ ሰባት» አሉ እትዬ ሀብትነሽ።

ሁላችንም ዞርን።

«በበዓል ስሠራ ፈራሁ፣ ልጄ። ስለዚህ አንዲት ፍሬ ባወጣሁ ቁጥር አንድ ኪርያላይሶን አልኩ። አርባ አንድ ሲሞላ አንድ ክር ቋጠርኩ።» ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ክር አወጡ። አሥራ አምስት ቋጠሮ አለበት። «አሥራ አምስት ጊዜ አርባ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ተረፈ።»

ትህትና በብዕሯ አባዛች። ብልቃጡን ገለበጠችና አሥር አሥር እያደረግን መቁጠር ጀመርን፤ እሷ፣ አያ ሰማው፣ እኔ። ኮማንደር ኃይለ ሚካኤል እንኳ ቆባቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ጨርሰን ደመርን። ስድስት መቶ አሥራ ስድስት።

እንደገና ቆጠርን። ስድስት መቶ አሥራ ስድስት።

«አንድ ጎደለ» አለች ትህትና በቀስታ።

«አይጎድልም!» አሉ እትዬ ሀብትነሽ። «በገብርኤል ፊት ነው የቆጠርኩት! ከሰፌዱ ወደ ስኒው ስገለብጥ ካልወደቀች በቀር...»

ያኔ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ሰኞ ከመደቡ ሥር ያነሳኋትን ወረቀት አውጥቼ ፈታሁና ፍሬዋን ከሌሎቹ አጠገብ አኖርኳት። ትህትና ተነሥታ እትዬ ሀብትነሽን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው፤ እኔንም ሳመችኝ። እንባዬን መደበቅ አቃተኝ፣ ምን እላለሁ።

የመኪና ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ትህትና መዝገቡ ላይ «ቁጥር ሦስት፣ የሰማው ማሳ፣ 617» ብላ ጻፈች፤ የሆነውንም ሁሉ ከሥሩ አሰፈረች። እትዬ ሀብትነሽ የቀለም ጽሕፈቱን፣ ሐምራዊውን ክምር፣ ደግሞ በሩን አዩ። ጠጋ ብለው ክንዷን ያዙ።

«ይሁን እንግዲህ፣ ይቁጠሩት» አሉ። «ግን አደራሽን፣ እንዲህ የተደባለቀው በእኛ ስንፍና ሳይሆን በነፋሱ ነው ብለሽ ንገሪያቸው።»

«እሱኑ ነው የምነግራቸው፣ እትዬ» አለች ትህትና። «ሦስት ዓመት የለፋሁት እሱን ለመናገር ነው።»